ፊደል ላልለየች የአራት ዓመት ልጅ የትኛውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንምረጥ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጅማ ነው። ሴት ልጄ 4 ዓመት ከ5 ወሯ ነው፤ ፊደል ገና አልለየችም። ቤት ውስጥ አማርኛ እናወራለን፣ ከአያቷ ጋር ግን በአፋን ኦሮሞ ነው የምትግባባው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተናል፦ ዊንዶውስ 10፣ 4 ጊጋ ራም፣ ባትሪው የደከመ። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የለም። አንድ ሱቅ ‹የልጆች ትምህርት ነው› ብሎ 40 የሚሆን ጌም በፍላሽ ሰጠኝ። አንዱን ስከፍትላት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል፤ እሷ ‹እማዬ፣ ምን አለ?› ትላለች፤ ሁለት ደቂቃ ሳትቆይ ትተወዋለች። ምን ልጫንላት? ፊደል የሚያስተምር የአማርኛ ፕሮግራምስ ልግዛ?»

ምላሽ፦

ልጅዎ «ምን አለ?» ስትል ችግሩን ከማንም በተሻለ ተናግራዋለች። ፕሮግራሙ የሆነ ነገር እያለ እንደሆነ ገብቷታል፤ ያለው በጽሑፍ ስለሆነ ግን አልሰማችውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው፣ ፕሮግራሙ እርስዎ ሳያስተረጉሙ ከእሷ ጋር መግባባት ይችላል ወይ የሚለው ነው። የቀለሙ ማማር፣ ዘፈኑ፣ ሽፋኑ ላይ «ከ3 ዓመት ጀምሮ» ተብሎ መጻፉ ከዚያ በኋላ ይታያል።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ከፍላሹ ምንም አይጫኑ። ተክስ ፔይንት የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራምና ጂኮምፕሪ የሚባለውን የጨዋታ ስብስብ ብቻ ይጫኑ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ማስታወቂያ የላቸውም፣ በአግባቡ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ የእርስዎም ላፕቶፕ ይሸከማቸዋል። የፊደል ፕሮግራም አይግዙ፤ የሚሻለውን በፓወር ፖይንት በራስዎ ድምፅ ይሠሩታል፣ አሠራሩን ከታች ጽፌዋለሁ። መልሱ የረዘመው ልጆች ፕሮግራሙን ጥለው የሚነሡበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ማውዙና ዊንዶውሱ ላይ ስለሚገኝ ነው።

ፕሮግራም ሲመርጡ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብዎት የራስዎን ዓይን ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ስክሪን ላይ ያለን ጽሑፍ ሳያስበው ያነበዋል። «ስታርት» የሚለውን ሳይታወቀው አንብቦ ይጫንና «ቀላል ነው እኮ» ይላል። ለልጅዎ ግን ያ ቁልፍ አንድ አረንጓዴ ሣጥን ነው። መላው ራስን ለአንድ ደቂቃ ማይም ማድረግ ነው። ጂኮምፕሪ ሴቲንግ ውስጥ የቋንቋ መምረጫ አለ፤ ወደ ቻይንኛ ይቀይሩት። ንግግሩም ቻይንኛ ቢሆን ይተዉት፤ እንግሊዝኛው ለእሷ እንደዚያው ነው። ከዚያ አንድ ጨዋታ ይክፈቱ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚፈለግብዎት ከገባዎት ለእሷም ይገባታል። ካልገባዎት ያንን ጨዋታ ለከርሞ ያቆዩት። ቋንቋ የማይቀየርበት ፕሮግራም ከሆነ ጽሑፍ የሚወጣበትን የስክሪን ክፍል በወረቀት ሸፍነው ይሞክሩት።

ሁለተኛው ፈተና ሆን ብሎ መሳሳት ነው። አምስት ጊዜ አከታትለው የተሳሳተውን ይጫኑና ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። አንዳንዱ ፕሮግራም ይጮኻል፣ ያለቀሰ ፊት ያወጣል፣ ከዚያ «ሕይወት» ይቀንሳል፤ ፈሪ ልጅ ከዚያ በኋላ እጇን ትሰበስባለች። ሌላው ደግሞ ሲሳሳቱ የሚያስቅ ነገር ያፈነዳል፤ ልጅቷ ፍንዳታውን ለማየት ብላ ስሕተቱን ትፈልገዋለች፣ እርስዎ ግን «አልገባትም» ይላሉ። ሦስተኛው፣ በየሱቁ የሚገኘው ዓይነት፣ አራት ሥዕል ደርድሮ ትክክለኛው እስኪነካ ድረስ ዝም የሚል ነው። ልጅ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ እየነካች ሁሉንም «ትመልሳለች»፣ በመጨረሻም ርችት ይተኮስላታል። ደህና ፕሮግራም የተሳሳተውን ቁራጭ በጸጥታ ወደ ቦታው ይመልስና ድጋሚ እንድትሞክር ይተዋታል። ሰዓት የሚቆጥር ነገር ካለበት ደግሞ ያለ ክርክር ይጣል።

ሦስተኛው ፈተና መውጫው ነው። ከጨዋታው ወደ ዋናው ገጽ የሚመልሰው ምልክት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ዓይነት ሥዕል ሆኖ መገኘት አለበት። ሲወጣ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ በጽሑፍ ብቻ የሚጠይቅ ፕሮግራም ልጅቷን እዚያው ይቆልፋታል።

አሁን ወደ እጇ እንምጣ። በመጀመሪያው ወር የምትማረው ማውዝ መያዝን ነው፤ ከዚያ ሌላ ነገር ቢጨመር ትርፍ ነው። የላፕቶፑን ታችፓድ ይርሱት፤ ለትንሽ ጣት አይመችም፣ በሦስት ጣት ስትዳብሰው ደግሞ የከፈቱትን ሁሉ ሊሰውርባት ይችላል። ባለ ገመድ፣ አነስ ያለ፣ መዳፏ ሥር የሚገባ ማውዝ ይግዙ። ግራው ቁልፍ ላይ የቀይ ፕላስተር ቁራጭ ይለጥፉና «ቀዩን» ይበሏት፤ ግራና ቀኝ ገና አልለየችም። የሚያብለጨልጭ ወይም መስታወት ያለበት ጠረጴዛ ላይ የማውዙ ጠቋሚ ይዘላል፣ ስለዚህ ከሥሩ ደብተር ያድርጉለት።

ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ አራት ነገር ይስተካከል። ኮንትሮል ፓነል፣ ማውዝ፣ ከዚያ ፖይንተር ኦፕሽንስ የሚለው ገጽ ላይ ፍጥነቱን ወደ ግራ ይሳቡት፤ እዚያው ያለውን «ኤንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን ምልክት ያጥፉት። ይኼ ነገር እጅ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ጠቋሚውን አብዝቶ ያስፈነጥረዋል፤ ልጅ ደግሞ ማውዝ የምታንቀሳቅሰው በመወርወር ነው። በሴቲንግስ ውስጥ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ከሚለው ገብተው ጠቋሚውን ትልቅ ያድርጉት፤ ቀለሙንም መቀየር ይቻላል። ዲቫይስስ ውስጥ ታችፓድ ከሚለው ማውዝ ሲሰካ ታችፓዱ እንዲጠፋ ያድርጉ፤ ይህ አማራጭ ግን በሁሉም ላፕቶፕ ላይ አይገኝም። አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ሺፍት ቁልፍ አምስት ጊዜ ሲነካ ስቲኪ ኪይስ የሚባል የጽሑፍ ሣጥን ይመጣል፣ የቀኙ ሺፍት ለስምንት ሰከንድ ተይዞ ሲቆይ ደግሞ ፊልተር ኪይስ ይመጣል። ልጅ ክርኗን ኪቦርድ ላይ ስታስደግፍ የሚሆነው ይኸው ነው። ጨዋታው «ተበላሸ» ተብሎ ከሚጠፋበት ምክንያት አንዱ ይኼ ስለሆነ፣ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ውስጥ ኪቦርድ ከሚለው ገብተው የሁለቱንም አቋራጭ ያጥፉ።

የእጅ ሥራው ቅደም ተከተል አለው፦ ማንቀሳቀስ፣ አንዴ መጫን፣ ይዞ መጎተት፣ በመጨረሻ ሁለቴ መጫን። ይዞ መጎተት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ ጣት ተጭኖ መቆየት አለበት፣ አንጓው ግን መንቀሳቀስ አለበት። ልጅቷ መንገድ ላይ ጣቷን ታነሣና ቁራጩ ተመልሶ ይሄዳል። እሷ የሚገባት «መልሱ ስሕተት ነው» የሚል ነው፤ ትክክለኛውን ቁራጭ ትታ ሌላ ታነሣለች። እርስዎም አጠገቧ ሆነው ካላዩ ልጅዎ ቅርጽ መለየት እንዳቃታት ያስባሉ። ስለዚህ ልትሞክረው የነበረው የትኛውን ቁራጭ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ቁራጩ ትክክል ከሆነ ጉዳዩ የጣት ነው፣ በሁለት ሳምንት ይስተካከላል። ሁለቴ መጫንን አሁን አያስተምሯት። ፋይል ኤክስፕሎረር ኦፕሽንስ ውስጥ በአንድ ክሊክ እንዲከፈት የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ይጠቀሙ።

ስለ ጂኮምፕሪ። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ገባኝ» እንደማለት ነው። ሲፈልጉት ጂ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤም፣ ፒ፣ አር፣ አይ፣ ኤስ ብለው ይጻፉት፤ የመጨረሻዋ ፊደል አትነበብም። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተሰበሰቡ ከመቶ በላይ ጨዋታዎች አሉት፣ ወላጅም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ክፍት ሆኖ ከተሰጣት ልጅቷ ሦስተኛው ክሊክ ላይ ቼስ ውስጥ ትገባለች። ሴቲንግ ውስጥ በኮከብ የሚለይ የክብደት ማጣሪያ አለ፦ ከ1 እስከ 3 ኮከብ ከ2 እስከ 6 ዓመት ላሉ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ያለው ለትልልቆቹ። ለጊዜው ከፍተኛውን 2 ላይ ያቁሙት። ከቀሩትም ውስጥ በቻይንኛ ፈትነው ያለፉትን ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ይምረጡ። እያንዳንዱ ጨዋታ ጥግ ላይ የፀሐይ ምልክት አለ፤ እሱን ሲነኩ ጨዋታው የተወዳጆች ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ልጅቷም ከዚያ ብቻ ትጫወታለች። ለመነሻ ማውዝ ሲንቀሳቀስ ሽፋኑ እየተነሣ እንስሳ የሚገለጥበት፣ የሚዋኙ ዓሦችን መንካት፣ ተመሳሳይ ሥዕል ፈልጎ ማጣመር፣ ቆይቶ ደግሞ ያዩትን ባቡር ከነፉርጎው በቅደም ተከተል መልሶ መገጣጠም ደህና ናቸው።

አንድ ወጥመድ አለው። የንግግር ድምፆቹና አንዳንድ የቃላት ሥዕሎች ከዋናው ፕሮግራም ተለይተው የሚወርዱ ናቸው። ቤት ወስደው ኢንተርኔት በሌለበት መጀመሪያ ከከፈቱት ድምፅ የሌለው ጨዋታ ይሆናል፤ ማንበብ ለማትችል ልጅ ደግሞ ያ ማለት ዲዳ አስተማሪ ነው። ላፕቶፑን ራሱን ኢንተርኔት ወዳለበት ይውሰዱት፣ እዚያው ይጫኑት፣ ይክፈቱት፣ ቋንቋ ይምረጡ፣ ድምፅ ላውርድ ሲል ይፍቀዱለት፣ ወርዶ ሲያልቅ ዋይፋዩን አጥፍተው አንዴ ይሞክሩት። በስልክ ዳታ አይሞክሩት፤ መጠኑ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ብዙውን ጊዜ የአሮጌ ላፕቶፕ የቪዲዮ ካርድ ነገር ነው፤ በሶፍትዌር ሬንደረር፣ ማለትም ያለ ቪዲዮ ካርዱ እገዛ፣ የሚያስነሣው አማራጭ ስላለ በእሱ ይሞክሩ።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጫኚ ብባል የምመርጠው ተክስ ፔይንትን ነው። ትክክልና ስሕተት የለበትም፣ ስለዚህ አያልቅም፣ አይሰለችምም። ሠሪዎቹ ማንበብ የማትችል ልጅን በእውነት አስበዋታል፦ ሥዕሉ ሲቀመጥ የፋይል ስም አይጠይቅም፣ የድሮው ሥዕል ሲከፈት የሚመጣው የሥዕሎቹ ትንንሽ ምስል ነው፣ ጥያቄ ሲጠይቅም አዎና አይ የሚሉት ቁልፎች ሥዕል አላቸው። ቋንቋዎቹ ውስጥ አማርኛም አለበት፤ ያ ለእሷ ሳይሆን አጠገቧ ለሚቀመጠው ሰው ይጠቅማል። ስታምፕ የሚባሉት ማኅተሞች (እንስሳት፣ ፍራፍሬ፣ መኪና) ለብቻቸው ስለሚወርዱ ኢንተርኔት ባለበት አብረው ያውርዷቸው።

ከመስጠትዎ በፊት አብሮ የሚጫነውን የተክስ ፔይንት ኮንፊግ ይክፈቱ። ፉልስክሪን ይሁን። የማውዝ ገጽ ላይ የቁልፍ ልዩነት እንዳያደርግ የሚያዘው ይመረጥ፣ ያኔ ቀኙንም ብትጫን ይሥልላታል። ሲምፕሊፊኬሽን ውስጥ የመውጫ ቁልፉን ያጥፉ፤ እርስዎ በአልትና ኤፍ 4 ይወጣሉ። ሌብል የሚባለውን የጽሑፍ መሣሪያም እዚያው ለጊዜው ያጥፉት። ፕሪንት ማድረግ ይከልከል፣ ፕሪንተር ከተሰካ ቀለሙን በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለች። ሴቪንግ ውስጥ ሁልጊዜ አዲስ ሥዕል አድርጎ እንዲያስቀምጥ፣ ሲዘጋም በራሱ እንዲያስቀምጥ ይዘዙት። ሲጨርሱ ከታች ማስተካከያው ለየትኛው ተጠቃሚ እንደሆነ የሚጠይቀውን አይለፉት፤ ለእርስዎ አካውንት ብቻ አስቀምጠው እሷ በሌላ ስትገባ ምንም የተለወጠ ነገር አይኖርም።

መብራትን በተመለከተ፦ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ መብራት እንደጠፋ እኩል ይጠፋል፤ በራሱ የሚያስቀምጠው ደግሞ ሲዘጋ እንጂ ድንገት ሲጠፋ አይደለም። የሣለችው ዶሮ ከመብራት ጋር የሄደባት ልጅ ለቅሶ ቀላል አይደለም። ሥዕሉ መልክ ሲይዝ ማስቀመጫውን የመንካት ልማድ ያስይዟት። ክረምት ላይ የጅማ ሰማይ ማጉረምረም ሲጀምር ደግሞ ሶኬቱን ይንቀሉት።

የእሷ ቤት የሚሆን የተለየ አካውንት ይክፈቱላት። ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ፣ ከዚያ ሌላ ሰው መጨመሪያውን ይንኩ። ኢሜይል ሲጠይቅ የዚህ ሰው መረጃ የለኝም የሚለውን፣ ቀጥሎ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት የሚለውን ይምረጡ። አድሚን አይሁን። ዴስክቶፑ ላይ ሦስት ትልልቅ ምልክቶች ብቻ ይቀመጡ፣ የጀርባው ሥዕል አንድ ወጥ ቀለም ይሁን፤ የአበባ ፎቶ ላይ ምልክት መፈለግ ለእሷ ሌላ ፈተና ነው። መቆለፊያ ላይ ብዙ ተስፋ አያድርጉ ግን። በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ አንድ መስመር እንኳ አንብበው ለማያውቁ ልጆች ታብሌት ተሰጥቶ ነበር፤ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው እንደከፈቱት ፕሮጀክቱን ያካሄዱት ሰዎች ተናግረዋል። ልጅ የሚቆለፍበትን ሳይሆን የሚከፈትበትን ነው የሚያየው።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ የሚሸጡትን የማልመክርበት ምክንያት አለኝ። ድምፁ «ሀ» ይልና ስክሪኑ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ ተደርድረው «የቱ ነው?» ይባላል። ጆሮዋ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ነው የሚሰማው፣ ልክም ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚያው። ሐን ስትነካ ተሳስተሻል የሚል ፕሮግራም ጆሮሽን አትመኚ እያላት ነው። ይህንን ብቻ ሱቁ ውስጥ ከፍተው ይሞክሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ፈተና አያስፈልግም። ቀጥሎ መጠኑን ይዩ፦ 33ቱን ከነቤተሰቡ፣ 231 ፊደል፣ አንድ ገጽ ላይ ጠቅጥቆ የሚያሳይ ከሆነ ሁን ከሂ የምትለየው ቅጥያ በዓይኗ አትገባም። ደግሞም በማውዝ ፊደል የሚያስጽፍ ነገር ይቅርብዎት፤ አንጓዋ የሚማረው እንቅስቃሴ እርሳስ ሲይዝ ከሚያስፈልጋት ጋር አይገናኝም። መጻፍ በወረቀት ላይ ይሁን።

የእንግሊዝኛው ኤቢሲስ? ጅማ ላይ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለ። ትምህርት ቤቷ ቁቤን (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) የሚያስተምር ከሆነ፣ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም «ካት» እያለ ክ አድርጎ የሚያስተምራት ሲ፣ በቁቤ ጭ ናት። ኤክስ ደግሞ ጥ ናት። እንግሊዝኛውን በጨዋታ አጥብቃ ከያዘችው፣ ክፍል ስትገባ መምህሯ የተሳሳተ ይመስላታል። ሦስት ዓይነት ፊደል የሚጠብቃት ልጅ ከኮምፒውተር መቀበል ያለባት ፊደል ያልሆነውን ነው፦ ማመሳሰል፣ መደርደር፣ ማስታወስ፣ መሣል፣ መቁጠር። ቁጥር ደግሞ በሦስቱም 1፣ 2፣ 3 ስለሆነ አይምታታባትም። ቆጠራ ያወቀችው ግን «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» ብላ ስትዘምር አይደለም፤ «ሦስት ሲኒ አምጪልኝ» ሲሏት ሦስት ስታመጣ ነው።

በራስዎ ድምፅ የሚሠራው ይኸውና። መጀመሪያ ቃላት ይምረጡ፣ ቤት ውስጥ ካለው፣ አንድ ፊደል ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚጀምሩ፦ ቡና እና ቡችላ፣ ሙዝ እና ሙቀጫ፣ ላም እና ላባ፣ ዶሮ እና ዶማ፣ ጀበና እና ጀልባ። ጀልባ ካልሆነ በቀር ሁሉንም በስልክ ማንሣት ይቻላል፤ የራሷን ዶሮ ስክሪን ላይ ስታይ የሚኖራት ደስታ ከየትም አይገዛም። ከሀ ሁ ሂ አይጀምሩ፤ እሱን አያቷም ትምህርት ቤቱም በዜማ ያስይዟታል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጠቅመው ቡ እና ላ ዓይነት፣ በመልክም በድምፅም የሚራራቁትን ማጋጠም ነው።

ቀጥሎ ድምፅ ይቅዱ። ፓወር ፖይንት ሥዕል ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ዌቭ የሚባለው ዓይነት ፋይል መሆን አለበት፤ ስልክዎና የዊንዶውስ 10 ድምፅ መቅጃ የሚያስቀምጡት ሌላ ዓይነት ስለሆነ ፈልገው ያጡታል። ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ላይ ቀጥታ ቀድተው በዌቭ ያውጡት። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አይቅዱ፣ ልጅቷ የምትሰማው ዝናቡን ብቻ ይሆናል። የሚሉት አጭር ይሁን፦ «ቡ… ቡና።» ከንግግሩ በፊት ያለውን ባዶ ጸጥታ ቆርጠው ይጣሉ፤ ነክታው ግማሽ ሰከንድ ዝም ካለ አልሠራም ብላ ደጋግማ ትነካዋለች።

አንዱ ገጽ ይህን ይመስላል። ከላይ መሐል ላይ ቡ፣ በ250 የፊደል መጠን፣ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ፎንት። ከሥሩ ሦስት ሥዕል፦ የቡና ሲኒ፣ ላም፣ ዶሮ፣ እያንዳንዱ የሲኒ ማስቀመጫ ያህል። ላሟን ይምረጡ፣ ኢንሰርት ውስጥ አክሽን የሚለውን ይክፈቱ፣ ፕሌይ ሳውንድ ላይ ምልክት አድርገው «ላ… ላም» ያሉበትን ፋይል ይስጡት፣ ወደ ሌላ ገጽ እንዳይሄድ ይተዉት። ዶሮውም እንደዚያው። ቡናው ላይ ግን ድምፁን ከሰጡ በኋላ ሃይፐርሊንክ የሚለውን ቀጣዩ ስላይድ ያድርጉ። እንግዲህ የተሳሳተ ስትነካ ማንም አይቆጣትም፤ የነካችው ነገር ስሙን ይነግራታል፣ እሷም ትቀጥላለች። በመጨረሻ ስላይድ ሾው፣ ሴት አፕ ስላይድ ሾው ውስጥ ገብተው ኪዮስክ የሚለውን ይምረጡ። ይህ ካልተመረጠ ባዶ ቦታ በነካች ቁጥር ገጹ ይገለበጥባታል። ፋይሉን ፓወር ፖይንት ሾው አድርገው ካስቀመጡት ሲነካ በቀጥታ በሙሉ ስክሪን ይከፈታል፤ መውጫው ኤስኬፕ ነው። ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ አንድ ትልቅ ቀስት አይርሱ። የስልክ ፎቶ ከባድ ስለሆነ ኮምፕረስ ፒክቸርስ የሚለውን ይጠቀሙ፣ አለዚያ 4 ጊጋው ራም ይንገዳገዳል።

አያቷ ፈቃደኛ ከሆኑ የዚያኑ ፋይል ሌላ ቅጂ ፊደሉን አጥፍተው፣ ድምፁን በእሳቸው አፋን ኦሮሞ ይቅዱት፦ «ቡነ»፣ «ሰአ»፣ «ሉኩ»። ፊደል የሌለበት፣ ድምፅና ሥዕል ብቻ።

ጊዜን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን ፊት መቀመጥ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ባነሰ ቁጥር ደግሞ እንደሚሻል ይላል። ቴሌቪዥኑም ስልኩም በዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። ለላፕቶፑ አንድ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሰዓት ስለማታውቅ በምታውቀው ይለኩላት፦ አቦል ሲቀዳ ትጀምራለች፣ ቶናው ሲጠጣ ትዘጋለች፤ መዝጋቱን ራሷ ታድርገው። ላፕቶፑ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ፣ እሷ እግሯ መሬት የሚነካበት በርጩማ ላይ፤ የጅማው ባለ ሦስት እግሩ ልኳ ነው። አልጋ ላይ አይሁን፣ ፍራሹ የአየር መውጫውን ይዘጋዋል። የጆሮ ማዳመጫ አይስጧት፣ ምን እየሰማች እንደሆነ እርስዎም መስማት አለብዎት።

ታብሌት ቢኖርዎት ካን አካዳሚ ኪድስ ነፃና ማስታወቂያ የሌለው ነው፣ ግን ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው። ስክራች ጁኒየር ያለ ንባብ በሥዕል ትእዛዝ የሚያስደረድር ግሩም ነገር ነው፤ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ የተሠራ ስለሆነ ቆይቶ ይደርሳል።

ከፍላሹ ላይ ከእንግዲህ ምንም ነገር አይክፈቱ። እንዲህ ከሱቅ ሱቅ የሚገለባበጥ ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከት ከተለወጡ ቫይረስ ነው፤ አንዷን መንካት ይበቃዋል። እርስዎ አስቀድመው ሰክተውት ስለነበር ላፕቶፑን በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ሙሉ ስካን ያድርጉት፣ ፍላሹን ፎርማት አድርገው የሥዕሎቿን ቅጂ ያስቀምጡበት። ልጅቷን ስታስመዘግቡ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የሚጀምረው በየትኛው ፊደል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቁቤ ከሆነ ስላይዶቹ ላይ ያለውን ፊደል መቀየር የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ጎትታ ማስቀመጥ ከቻለች በኋላ የጂኮምፕሪን ማጣሪያ ወደ 3 ኮከብ ያሳድጉት።